የጆርጅ ዋሽንግተን ዊሊያምስ የምክር ቤት ንግግር ጠፋኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። እዚህ ተወልደው ላደጉ ልጆቻችን ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊሊያምስ በአማርኛ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሰውየው ገና በ14 ዓመቱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑን ጦር የተቀላቀለ፣ በ1875 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ «ኮመነር» የተባለ ጋዜጣ ያቋቋመ (ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ)፣ ከዚያ ሲንሲናቲ ገብቶ በ1879 ለኦሃዮ ምክር ቤት የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ሁለት ቅጽ ያለው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪኩም ሆነ በ1890 ስለ ኮንጎ ግፍ ለቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ የጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። እነሱ ላይ ችግር የለብኝም።

የቸገረኝ መሀሉ ነው። ሲንሲናቲ አጠገብ አቮንዴል የነበረውን የጥቁሮች መካነ መቃብር የሚያዘጋ ረቂቅ ሕግ አቅርቦ የገዛ መራጮቹን አስቆጥቷል። ለእኔ ከሕይወቱ ሁሉ የሚያጓጓው ይሄ ነው፤ ልጆቹ ሐውልት ሳይሆን ሰው እንዲያዩ እፈልጋለሁ። የምክር ቤቱን ጆርናል (የስብሰባዎቹን መዝገብ) አገላበጥኩ፤ የረቂቅ ቁጥርና የድምፅ ውጤት እንጂ እሱ ተነሥቶ ምን እንዳለ አይጽፍም። የዘመኑን ጋዜጦች ስካን ስፈልግ ደግሞ ዊሊያምስ የተባለ ነጋዴና ሟች ሁሉ ይመጣብኛል፤ ኅትመቱ ስለደበዘዘም ማሽኑ ፊደሉን በትክክል አያነብም።

በ1880 እና 1881 የኦሃዮ ምክር ቤትን ክርክር ከነንግግሩ ያትም የነበረው የትኛው ጋዜጣ ነው?