በሰኔ ሻንጋይ ለሚሄድ ምን ይያዝለት?

ሰላም፣ ከሐዋሳ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ በሰኔ ለትምህርት ሻንጋይ ይሄዳል። ዝናቡ እንደኛው ነው? እናታችን ጋቢ ካልያዘ አይሆንም ብላለች።

— ጋቢው ይቅር ወንድሜ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዘንቦ ሲያባራ ማታ ይበርዳል፤ ሻንጋይ ግን ባሕር ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ሌሊቱም ይሞቃል። ከሰኔ 10 ገደማ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ የሰሜኑ ቀዝቃዛ አየርና ከባሕር የሚመጣው እርጥብ አየር እዚያው ተፋጠው ስለሚቆሙ ለቀናት ይዘንባል።

— እዚያ ተምሬያለሁ። ከዝናቡ ይልቅ እርጥበቱ ነው የሚያስቸግረው። የታጠበ ካልሲ ቶሎ አይደርቅም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የቆዳ ጫማ ይሻግታል። ስስ ልብስና ጃንጥላ ይያዝ። ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ይመጣል፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ።

— ተባረኩ! ለእማዬ አነብላታለሁ።