«አየሁት» ያለ አንድ ምስክር ብቻውን ለፍርድ ይበቃል?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ባለፈው ሳምንት ከቀረበ አስተያየት የመጣ ነው። ከአባሎቻችን አንዱ፣ ሌላ ማስረጃ በሌለበት፣ ተከሳሹን ከዚያ በፊት የማያውቀው አንድ የዓይን ምስክር «እሱ ነው» ስላለ ብቻ ማንም ሰው ጥፋተኛ ሊባል አይገባም ብለው ጽፈው ነበር። ምክንያታቸውም ምስክር ይዋሻል የሚል ሳይሆን፣ አንጎላችን ያላየነውን እንዳየን አድርጎ ሊያሳምነን ይችላል የሚል ነው። የምትደግፉም የምትቃወሙም ጻፉ፤ ገና ውሳኔ ባላገኘ ጉዳይ ላይ ያለ ሰው ስም ግን አይጠራ።

ጠበቃው፦ ጸሐፊው እኔ ነኝና ከአንድ እውነተኛ ጉዳይ ልነሣ። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በርሊንግተን ከተማ፣ ጄኒፈር ቶምሰን የተባለች የ22 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1984 ሌሊት ቤቷ ውስጥ ተደፈረች። በሕይወት ከተረፍሁ አስይዘዋለሁ ብላ የሰውየውን ፊት ሆን ብላ ስታጠና ነበር። ፖሊስ ስድስት ፎቶግራፎች ሲደረድርላት ለደቂቃዎች ካመነታች በኋላ የሮናልድ ኮተንን መረጠች፤ መርማሪውም ጥሩ እንደ ሠራች ነገራት። ቆይቶ ሰዎች በአካል ሲሰለፉላት አሁንም ኮተንን ለየች፤ በፎቶውም በሰልፉም የነበረው ግን እሱ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤት ስትቆም ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልቀረባትም፤ በ1985 ተፈረደበት። በ1987 ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ድርጊቱን የፈጸመው ቦቢ ፑል ራሱ ችሎቱ ፊት ቀርቦ አየችው፤ ይህን ሰው አላውቀውም አለች። በ1995 የዲኤንኤ ምርመራ እውነቱን ሲያወጣ ኮተን ዐሥር ዓመት ተኩል ታስሮ ነበር። ምስክሯ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አልዋሸችም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ውሸታም ምስክርን በመስቀለኛ ጥያቄ ላጋልጠው እችላለሁ፣ ከልቡ የተሳሳተውን ግን በምን እይዘዋለሁ? በአሜሪካ እስከ 2020 በዲኤንኤ ነጻ ከወጡት 375 ፍርደኞች መካከል በ69 በመቶው ጉዳይ የተሳሳተ የዓይን ምስክር ነበረበት።

ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ፦ ታሪኩ ልብ ይነካል፤ አኃዙ ግን ጠበቃው የፈለጉትን አያረጋግጥም። ከተሳሳቱ ፍርዶች መካከል ስንቱ በምስክር ስሕተት እንደ መጣ ይነግረናል እንጂ፣ ከምስክሮች መካከል ስንቱ እንደሚሳሳት አይነግረንም። ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ የአገሩ ሰው ሁሉ ታማሚ ነው እንደ ማለት ነው። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ከባድ ወንጀሎች አብዛኞቹ ካሜራ በሌለበት፣ መብራት በሌለበት፣ የዲኤንኤ ምርመራ በስም ብቻ በሚታወቅበት ቀበሌ የተፈጸሙ ናቸው። ውኃ ልትቀዳ የወጣች ልጅ ወንዝ ዳር ጥቃት ቢደርስባት ምስክሯ ማን ነው? ሁለተኛ ማስረጃ ካላመጣሽ አይሰማሽም ብንላት፣ ሕጉ ብቻዋን የምትገኝን ሴት መርጦ ለሚያጠቃ ሰው መንገድ ይጠርግለታል። በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነገር ይጸናል የሚለው የዘዳግም ሕግ ቃል ክብሩ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ የዛሬ ዳኛ የሚመዝነው የምስክሩን ቁጥር ሳይሆን ቃሉን ነው፤ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው።

የሥነ ልቦና መምህርት፦ ጋሼ፣ ስለ አኃዙ ያሉት ትክክል ነው፤ ጠበቃው ቢያስተካክሉት ጥሩ ነው። ነገር ግን «ቃሉ ይመዘናል» ሲሉ ሚዛኑ የሚያርፈው በምስክሩ እርግጠኝነት ላይ ከሆነ ችግር አለ። ከመቀጠሌ በፊት አንባቢ ሁሉ አንድ ነገር እንዲሞክር እለምናለሁ። ሁለቱንም ክንዶችዎን ወደ ፊት ዘርግተው አውራ ጣቶችዎን ጎን ለጎን ያቁሙ። ግራ ዓይንዎን ይጨፍኑ። በቀኝ ዓይንዎ የግራውን አውራ ጣት ጥፍር ብቻ ትኩር ብለው እያዩ፣ ቀኝ እጅዎን በቀስታ ወደ ቀኝ ያርቁ። ከአንድ ስንዝር ትንሽ ባነሰ ርቀት ላይ የቀኙ አውራ ጣት ጫፍ ይጠፋል። የዓይን ነርቭ ከዓይን ወደ አንጎል በሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ ስለሌለ ነው። የሚገርመው የጣቱ መጥፋት አይደለም፤ ጣቱ በነበረበት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለመታየቱ ነው። ከኋላ ያለው ግድግዳ ከሆነ ግድግዳው፣ መጋረጃ ከሆነ መጋረጃው ሞልቶ ይታያል። አንጎል ያልደረሰውን መረጃ በዙሪያው ባለው ጠግኖ ሲያቀርብልን «ይህኛው የእኔ ግምት ነው» ብሎ ምልክት አያደርግበትም።

ፊትን በማየትም እንዲሁ ነው። ጥርት ብሎ የሚታየን የእይታችን ክፍል፣ ክንድ ሲዘረጋ ከአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ብዙም አይበልጥም። ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ እየዘለለ ይለቃቅማል፤ የቀረውን አንጎል ከልምድና ከግምት ያሟላዋል። ቢላዋ የያዘ ሰው ፊት የቆመ ምስክር ደግሞ ዓይኑ ወደ ስለቱ ይሳባል፤ ቢላዋውን በዝርዝር ያስታውሳል፣ ፊቱ ላይ ግን ያረፈው ጥቂት ነው። በኋላ የሚታየው ፎቶግራፍ ያንን ክፍት ቦታ ይሞላዋል፤ ከዚያ ወዲህ ምስክሩ የሚያስታውሰው ፊት ከሌሊቱ ይሁን ከፖሊስ ጠረጴዛ ራሱም መለየት አይችልም።

ሾፌሩ፦ እኔ የጭነት መኪና ነጂ ነኝ። ከሞጆ እስከ ጋላፊ ሌሊት ስነዳ ዓይኔ እንዲህ የሚያታልለኝ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። በተንኮል የተዘጋጀ የጣት ጨዋታ አሳይቶ ሰው ዓይኑን እንዳያምን ማድረግ ቀላል ነው። ገጠር ያደገ ሰው ከብቱን ከመቶ ከብት መካከል በጨረፍታ ይለያል፤ ይህንስ ምን እንበለው?

የሥነ ልቦና መምህርት፦ ወንድሜ፣ የሚነዱት አንጎልዎ በደንብ ስለሚገምት ነው፤ የሚሳሳተውም በዚያው ግምት ነው። ቤት ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን የተሰቀለ ነጭ ነጠላ ወደ ዓይን የሚልከው ብርሃን፣ ደጅ በቀትር ፀሐይ ከተሰጣ ከሰል ከሚመጣው ሊያንስ ይችላል። እኛ ግን ነጠላውን ነጭ፣ ከሰሉን ጥቁር አድርገን እናያለን፤ ምክንያቱም አንጎል የብርሃኑን ሁኔታ ገምቶ ሒሳቡን ያስተካክላል። ግምቱ ሲሠራ «አየሁ» እንላለን፤ ሳይሠራም የምንለው ያንኑ ነው። ከብቱን በተመለከተ እስማማለሁ፤ የራስን ከብት መለየትና አንድ ጊዜ ብቻ ያዩትን ከብት መለየት ግን አንድ አይደሉም። የአወያዩ ጥያቄም ስለማያውቁት ሰው ነው።

የመርካቶው ነጋዴ፦ የራሴን ልናገር፤ የምኮራበት ታሪክ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አመሻሽ ላይ ሁለት ልጆች ስልኬን ነጥቀውኝ ሮጡ። የአንደኛውን ፊት ቢጫው የመንገድ መብራት ሥር ፊት ለፊት አይቼዋለሁ፤ ቡናማ ጃኬት ለብሷል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቢያ ጠርተውኝ አንድ ወጣት ለብቻው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አሳዩኝ፤ «ይሄ ነው አይደል?» አሉኝ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ደሜ ፈላ፤ እሱ ነው አልኩ፣ በልጆቼም ማልኩ። ልጁ ያለ ጥፋቱ ሁለት ሌሊት አደረ። በሦስተኛው ቀን የዳቦ ቤቱ ባለቤት መጥቶ በዚያ ሰዓት ሊጥ ላይ እንደ ነበረ መሰከረለት፤ ስልኬም ከሌላ ሰው እጅ ተገኘ። የእውነተኛው ነጣቂ ጃኬት በቀን ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ነበር። እስከ ዛሬ የዚያን ምሽት ነገር ሳስብ የሚመጣብኝ ፊት የዳቦ ቤቱ ልጅ ፊት ነው። ስሕተት መሆኑን አውቄም ሥዕሉ አልተለወጠልኝም።

ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ፦ ነጋዴው በግልጽ በመናገራቸው አመሰግናለሁ። ነገር ግን የእሳቸው ታሪክ የዓይንን ድካም ብቻ ሳይሆን የጣቢያውንም ጥፋት ያሳያል። ተጠርጣሪን ለብቻው አስቀምጦ «ይሄ ነው አይደል?» ማለት መለየት አይደለም፤ ማጸደቅ ነው።

ጠበቃው፦ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ተገናኘን። አኃዙን በተመለከተ የተሰጠኝን እርማትም እቀበላለሁ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 137 መሠረት፣ ምስክር በዋና ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን የሚጠቁም ጥያቄ፣ አይጠየቅም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የጥያቄ አቀራረብ መልስን እንደሚያጣምም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል። ሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም ካዩ በኋላ አንዱ ቡድን መኪኖቹ «ሲጋጩ»፣ ሌላው ቡድን «ሲከሳከሱ» ፍጥነታቸው ስንት እንደ ነበር ተጠየቀ። ከሳምንት በኋላ የተሰባበረ መስተዋት አይታችሁ ነበር ወይ ሲባሉ፣ በኃይለኛው ቃል ከተጠየቁት 32 በመቶው፣ በለስላሳው ከተጠየቁት 14 በመቶው አዎ አሉ። ፊልሙ ውስጥ መስተዋት አልተሰበረም። ችሎት ውስጥ የምንከለክለው ጥያቄ ከችሎት በፊት በጣቢያው ግቢ ተጠይቆ ካለቀ፣ ክልከላው ምን ይጠቅማል? ዳኛው የሚሰማው የተጣራ ቃል ይመስላል እንጂ ጭቃው ከምንጩ ገብቷል።

የቀድሞ ፖሊስ፦ ሁላችሁም የምታወሩት ያልነበረን ስላየ ሰው ነው፤ የነበረን ስላላየ ሰውስ? በጃንዋሪ 1995 በቦስተን ኬኒ ኮንሊ የተባለ ፖሊስ ተጠርጣሪ ሲያሳድድ፣ ሌሎች ፖሊሶች ሲቪል የለበሰውን ባልደረባቸውን ማይክል ኮክስን ወንጀለኛ መስሏቸው በሚደበድቡበት ቦታ አጠገብ አለፈ። አላየሁም አለ፤ ዳኞቹ ግን እንዴት አያይም ብለው በሐሰት ምስክርነት ጥፋተኛ አሉት፤ ፍርዱ የተሻረው ከዓመታት በኋላ ነው። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ነገሩን በተግባር ሞከሩት። ሰዎች አንድ ሯጭን እየተከተሉ ጭንቅላቱን ስንት ጊዜ እንደሚነካ እንዲቆጥሩ ተደረገ፤ በመንገዳቸው ዳር ሦስት ሰዎች የድብድብ ትዕይንት ሠሩ። ሌሊት ድብድቡን ያስተዋለው 35 በመቶ፣ ቀን ደግሞ 56 በመቶ ብቻ ነበር። እኔም ሌባ ሳሳድድ ከጀርባው ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም። «አላየሁም» ያለን ባልደረባ ስንቱን ሽፋን ሰጪ ብለን እንደ ቀጣን ሳስበው ይከብደኛል።

ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ፦ ይህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ አሳምኖኛል፤ ምክንያቱም ምስክርን ስለ መጠራጠር ሳይሆን ስለ መረዳት ነው። አሁንም ግን ጠበቃው የሚሉትን ጥብቅ ደንብ አልቀበልም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1976 በተርንቡል ጉዳይ የያዙት መንገድ ይሻለኛል። ምስክሩ ለምን ያህል ጊዜ አየ፣ ከምን ርቀት፣ በምን ብርሃን፣ የሚከልል ነገር ነበር ወይ፣ ሰውየውን ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር ወይ ተብሎ ይመረመራል። እይታው ደካማ ሆኖ የሚደግፈው ነገር ከሌለ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ጠንካራ ከሆነ በጥንቃቄ ይታያል። የወንዝ ዳሯ ልጅ በዚህ ደንብ ትሰማለች፤ የዳቦ ቤቱ ልጅም ይተርፋል።

ጠበቃው፦ ተርንቡል መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ርቀቱና ስለ ቆይታው የሚነግረን ያው ምስክሩ ነው። ጄኒፈር ቶምሰን ብትጠየቅ ከቅርብ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ፊቱን እያጠናሁ አየሁት ትል ነበር፤ እውነትም ነበር። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያው መለየት እንዴት እንደ ተደረገ መዝገብ ይኑር። ምስክሩ ያመነታባቸው ደቂቃዎች፣ የተናገረው ቃል በራሱ አነጋገር፣ በዚያው ሰዓት ይጻፍ። ፎቶውን የሚያሳየው ሰውም ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ይሁን።

ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ፦ ጠበቃው ወረዳ ጣቢያ አያውቁም መሰለኝ። ሦስት ፖሊስ ባለበት ጣቢያ ሦስቱም ተጠርጣሪውን ከነእናቱ ያውቁታል። የማያውቅ ሰው ከየት ይምጣ?

የሥነ ልቦና መምህርት፦ ጋሼ፣ ለዚህ መላ አለው፤ በአሜሪካ ትናንሽ ጣቢያዎችም ይሠሩበታል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በየራሱ ማኅደር ውስጥ ይገባል፤ ማኅደሮቹ ይደባለቃሉ፤ ምስክሩ አንድ በአንድ እየከፈተ ያያል፤ ፖሊሱ ምስክሩ የትኛውን እያየ እንደሆነ ከተቀመጠበት አይታየውም። ወንጀለኛው ከመካከላቸው ላይኖር እንደሚችልም አስቀድሞ ይነገረዋል። የሚያስፈልገው ጥቂት የወረቀት ማኅደርና አንድ እስክርቢቶ ነው።

ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ፦ ማኅደርስ በየጣቢያው ሞልቷል፤ በዚህ አልከራከርም። መዝገብ የሌለው መለየት ብቻውን ለፍርድ አይብቃ በሚለው ድረስ ከጠበቃው ጋር እሄዳለሁ። መዝገብ ኖሮት፣ እይታውም ጠንካራ ሆኖ፣ ምስክሯ አንዲት ብቻ ከሆነች ግን አሁንም እፈርዳለሁ።

ጠበቃው፦ እኔ ደግሞ አሁንም ይግባኝ እላለሁ።