«የቻለ ይሂድ»፦ የ12ኛ ክፍል ጉዞ ያስነሳው የአርባ ምንጭ ወላጆች ክርክር

የተፈታኝ አባት፦
ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የ12ኛ ክፍል ልጆች በሚያዝያ ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ ተባለ። ሦስት ሌሊት እዚያ፣ ሲመለሱ ደግሞ አንድ ሌሊት ሐዋሳ። ለአንድ ልጅ 6,800 ብር። አንዲት እናት ተነሱና «እኔ ሙዝ ቸርቻሪ ነኝ፣ ይሄን ከየት ላምጣ?» አሉ። ከኮሚቴው አንዱ «ግዴታ አይደለም፤ የቻለ ይሂድ» ብሎ መለሰላቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ቲሸርት ቀለም ተወራ። እኔ ልጄን መላክ አያቅተኝም። ግን ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። በትምህርት ቤቱ ስምና ማኅተም የሚደረግ ጉዞ እንዴት «የቻለ ይሂድ» ይባላል?

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔም ነበርኩ። ጋሼ፣ ሰውየው በክፋት አልተናገረውም። ኮሚቴዎቹ ሥራቸውን ጥለው ነው የሚሮጡት። የአውቶቡስ ዋጋ ተከራክረው፣ ሆቴል አፈላልገው፣ ፈቃድ አስጽፈው። አንድ ቃል መዝዘን ባናዋርዳቸው ጥሩ ነው። ደግሞስ የትኛው ነገር ነው ለሁሉም እኩል የደረሰው? ማጠናከሪያውንም የሚማረው የቻለ ነው። ልጄ ይህን ጉዞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። እሷ ምን አጠፋች?

የተፈታኝ አባት፦
ልጅሽ ምንም አላጠፋችም እህቴ። ግን ማጠናከሪያው ላይ ያለ በደል ለጉዞው ማስረጃ አይሆንም።

ጨንቻ፦
ከብሩ በፊት እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ለምን አዲስ አበባ? ኮንሶ ከኛ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እርከኑን ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ከኛ ተፈታኞች ስንቱ አይቶታል? ነጭ ሳር ደጃችን ነው። ከተማችን ስሟን ያገኘችባቸውን ምንጮች እንኳ ወርደው ያላዩ ልጆች አሉ። ሕንጻ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ መሄድ አይገባኝም። ኮንሶ ከሆነ ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ። ሆቴል የለ፣ አዳር የለ። ማንም አይቀርም።

ስድስት ኪሎ፦
«ሕንጻ ለማየት» ያልከው ላይ ልቁም ወንድሜ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2009 ሲደርሰኝ ከተማውን አይቼው አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሜክሲኮ ላይ ጠፋሁ። ረዳቶቹ የሚጠሩትን ሰፈር አንዱንም አላውቀውም። ሰው መጠየቅ አፈርኩ። ሦስት ሰዓት ያህል የባቡሩ ድልድይ ሥር ቆምኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ሊስትሮ አይቶኝ «ወዴት ነህ?» አለኝና ታክሲው ድረስ ወሰደኝ። ዶርማችን ውስጥ ቀድመው በትሪፕ የመጡ ልጆች ነበሩ። ቢያንስ ፒያሳ የት፣ መርካቶ የት እንደሆነ ያውቃሉ። ክፍል ውስጥም ቀድመው አፋቸውን የፈቱት እነሱ ናቸው። እኔ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ዝም ብዬ ነው የተማርኩት።

ጨንቻ፦
ላንተ አዝናለሁ። ግን በሦስት ቀን ጉብኝት ማንም ሜክሲኮን አይለምድም። ልጆቹ ከአውቶቡሱ ብዙም አይወርዱም። አስጎብኚው በግራ ይሄ፣ በቀኝ ያ እያለ ይነዳቸዋል። ሕንጻ ለማየት ያልኩት ለዚህ ነው።

ስድስት ኪሎ፦
ብሔራዊ ሙዚየም ለሕንጻው ነው የሚታየው? ፒያሳ ላይ በ2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያስ? ባዮሎጂ ላይ የሚሸመድዷት ሉሲ ሙዚየሙ ውስጥ ናት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቁጥር ለፈተና ከሚይዙት አጠገቧ ቢቆሙ አይሻልም?

ጨንቻ፦
ለእይታ የቆመው ቅጂዋ ነው። ዋናው አጽም ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። በ2017 ነሐሴ ፕራግ ተወስዶ ሁለት ወር ታየ።

ስድስት ኪሎ፦
እሱ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ቼኮች ዋናዋን ስላዩ የኛ ልጆች ቅጂዋንም አይዩ ነው የምትለው?

ጨንቻ፦
ያላልኩትን አትበል። አገራቸውን ከደጃቸው ይጀምሩ ነው ያልኩት።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ እኔ እንዲህ ያለ ጉዞ ስድስት ጊዜ መርቻለሁ። ስለ ጥበቃው ማንም ስላላነሳ ነው የምጽፈው። በአንዱ ጉዞ 58 ልጅ ይዘን መምህራኑ አራት ነበርን። መርካቶ ላይ አንድ ሰዓት ፈቀድንላቸው። ተሰብስበው ስንቆጥር 56። የአንዱ ስልክ ጠፍቷል፣ ሌላው ስልክ የለውም። አውቶቡስ ተራን፣ ምናለሽ ተራን ዞርን። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ጫማ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው አገኘናቸው። ባለሱቁ ቆልፏል፤ ግን ጥሏቸው መሄድ አልሆንልህ ብሎት አብሯቸው ቁጭ ብሏል። ማታ ሻይ ስጠጣ እጄ ብርጭቆውን አልይዝ አለኝ። በመሐል የአንደኛው እናት ደውለው «ልጄ ደህና ነው?» ብለውኝ ነበር። «ደህና ነው» አልኳቸው። ያን ውሸቴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንድ መምህር ከአስር ልጅ በላይ መያዝ የለበትም። ኮሚቴው ይህን አስቦበታል?
ሌላው ፈተናው ነው። በ2017 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 5.4 ነበር። ሚያዝያ የክለሳ ወር ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
መምህር፣ አክብሬዎት ነው የምጠይቀው። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ልጆች ጉዞ ሄደው ነው የወደቁት? መጽሐፍ ለሦስት እየተካፈሉ፣ ላብራቶሪ ሳያዩ ነው የተፈተኑት። አምስት ቀን ደስ ቢላቸው ምን ይጎዳል?

ጡረተኛው መምህር፦
አምስቱ ቀን አይጥላቸውም ልጄ። ሲመለሱ ግን ሁለት ሳምንት ልባቸው ክፍል ውስጥ የለም። አስተምሬያቸው ስለማውቅ ነው።

የሲቀላ ልጅ፦
እኔ ከቀሩት ነኝ። በ2006። እናቴ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ብሩን አልጠየቅኳትም፤ እንደሌላት አውቃለሁ። አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በኛ ሰፈር አለፈ። ከበሮ ይመታሉ። እኔ ጄሪካን ይዤ ውሃ ልቀዳ ወጥቻለሁ። መብራቱን ሳይ ጄሪካኑን መንገድ ላይ ጥዬ አጥር ሥር ገባሁ፣ እንዳያዩኝ። ሲመለሱ ደግሞ ባሰ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የማላውቀው ቀልድ ይወራል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዓርብ ዓርብ ያን ቲሸርት ለብሰው ይመጣሉ። በዩኒፎርም የምንቀረው ስድስት ነበርን። ማንም አልሰደበንም። ግን «የቻለ ይሂድ» ከተባለ ያልቻለው ማን እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

የኮሚቴ አባል፦
ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሳነብ ቆይቼ ነው የምመልሰው። አውቶቡሱ ለአምስት ቀን 150,000 ብር ነው። ልጅ ቢበዛም ቢያንስም ያው ነው። 60 ልጅ ከሄደ 2,500 ይደርሰዋል። 40 ከሄደ 3,750። ሆቴል 1,600፣ ምግብ 1,500፣ ቲሸርት 900፣ ለመግቢያና ለመጠባበቂያ 300። የቀረው ልጅ በበዛ ቁጥር የሚሄደው ላይ ዋጋው ይከብዳል። ስለዚህ ማንም እንዲቀር አልፈለግኩም። ግዴታ ነው ብል ደግሞ ወላጅ ይከሰኝ ነበር። ሌላ ምን ልበል?

የተፈታኝ አባት፦
«እንነጋገር» ማለት ይቻል ነበር ወንድሜ። ሴትዮዋ የጠየቁት እኮ ከየት ላምጣ ብለው ነው። አልሄድም አላሉም።

ስድስት ኪሎ፦
ሒሳቡን ስላስቀመጥክ አመሰግናለሁ። እስቲ ቲሸርቱን አውጣው። አንድ ልጅ 5,900 ይበቃዋል። ቀሪዎቻችን ያንኑ 6,800 ብንከፍል ሰባት ልጅ ያለ ክፍያ ይሄዳል። ትርፉ ደግሞ ለመጠባበቂያ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ቲሸርቱ ለናንተ ጨርቅ ነው። ለልጆቹ ግን ጓደኞቻቸው የሚፈርሙበት ማስታወሻ ነው። በየአገሩ ከተበታተኑ በኋላ የሚቀራቸው እሱ ነው። የትልቁ ልጄ አሁንም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ አለ፤ እንዲታጠብ እንኳ አይፈቅድም። ሁልጊዜ የሚቆረጠው የልጆቹ ደስታ ለምን ይሆናል? ሐዋሳ ማደሩ ይቅር።

የኮሚቴ አባል፦
ሐዋሳ የምናድረው ሾፌሩ እንዲያርፍ ነው። እሱን አልነካም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልክ ነህ። እሱን እንዳትነካ።

ጨንቻ፦
ኮንሶ ብትሉ ይሄ ሁሉ ሒሳብ ባልመጣ ነበር።

የሲቀላ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ኮንሶ ይሂዱ። እኔም ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ድሃው ስለማይችል ሁላችሁም ቅርብ ሂዱ ከተባለ ያ ልጅ ደግሞ ጓደኞቹን ያስቀረ ተብሎ ይታያል። እኔ ብሆን ያን አልፈልግም። ሁሉም አዲስ አበባ ይሂድ ነው የምለው። እኔ የሁለት ልጅ እከፍላለሁ።

የተፈታኝ አባት፦
እግዜር ይስጥህ። እኔም የአንድ እጨምራለሁ። ለመጪው ዓመት ግን የ11ኛ ክፍል ወላጆች ከአሁኑ በወር 400 ብር እቁብ ነገር ብንጀምርስ? ከዚያ ማንም አይለምንም፣ ማንም አይመጸውትም።

የሁለት ልጆች እናት፦
አንድ ነገር ልንገራችሁ። የባለሙዟ ልጅ ከልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ ናት። ትናንት ለልጄ «እኔ አልሄድም፤ አውቶቡስ ያመኛል» ብላታለች። ልጄም አምናት መጥታ «የመኪና ሕመም መድኃኒት የት ይሸጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። አምና ዶርዜ በሄዱ ጊዜ ልጅቷ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሆና ያን ሁሉ ዳገት ስትዘፍን ነበር የወጣችው። ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ። እንግዲህ እኔም ቅድም ስለጻፍኩት እያሰብኩበት ነው። ቲሸርቱ ላይ ያልኩትን ግን አልቀይርም።

የኮሚቴ አባል፦
ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። የልጅቷን ስም በውስጥ ላኪልኝ። ነገ ስብሰባ አለን፣ አቀርበዋለሁ።

የሲቀላ ልጅ፦
እህቴ እባክሽ እንዳትልኪለት። ኮሚቴው ፊት ስሟ ተነበበ ማለት ሰኞ ክፍሉ ሁሉ ሰማ ማለት ነው። ያኔ እውነትም አውቶቡሱ ላይ አትወጣም።

የኮሚቴ አባል፦
ታዲያ ስሟን ሳላውቅ እንዴት ልመዝግባት?