ጠማማው ቤት እንደገና ይጣመም?

ጠያቂው፦ የዛሬው ክርክር ስለ አንድ የእንግሊዝ ገጠር ፐብ፣ ማለትም መጠጥ ቤት ነው። ዳድሊ አጠገብ፣ ሂምሊ ውስጥ፣ «ክሩክድ ሃውስ» የሚባል ነበር። ጠማማው ቤት ማለት ነው። ኦገስት 5 ቀን 2023 ተቃጠለ። ከሁለት ቀን በኋላ የቀረውን በኤክስካቫተር ናዱት። ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ በ2024 መጀመሪያ ባለቤቶቹን «በ3 ዓመት ውስጥ እንደነበረ መልሳችሁ ሥሩት» አለ። እነሱም ይግባኝ አሉ። እናንተስ? ይሠራ ወይስ ይቅር?

ታክሲው፦ ይሠራ! ከበርሚንግሃም እንግዳ ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ብይ ሲያስቀምጡ ሽቅብ የሚንከባለል ይመስላል። በሩ ዘመም፣ መስኮቱ ዘመም። አንድ ኮካ ጠጥቼ እንደ ሰካራም ግድግዳ ይዤ ወጣሁ።

ግንበኛው፦ ወንድሜ፣ ያንን ቤት ያጣመመው ግንበኛ አይደለም። በ1765 የእርሻ ቤት ሆኖ ሲሠራ ቀጥ ያለ ነበር። ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ሲቆፈር መሬቱ ሰመጠ፤ አንዱ ጎን ከሌላው ከ1 ሜትር በላይ ወረደ። ውበቱ ይኼ ነው፣ ማንም አላቀደውም። አሁን ኢንጂነር ቀጥረን በፕላን ብናጣምመው የልጆች መጫወቻ ነው የሚሆነው።

የለንደኗ፦ አንተ ደግሞ! በ1940ዎቹ ሊፈርስ ተፈርዶበት አልነበር? ቢራ ጠማቂዎች ገዝተው በብረትና በግንብ ደግፈው ነው ያቆሙት። ስለዚህ «ማንም አላቀደውም» አትበል። ለንደን ማይዳ ቬል ያለው ካርልተን ታቨርንም በ2015 ያለ ፈቃድ ፈረሰ። ካውንስሉ ጡብ በጡብ መልሱ ብሎ አዘዘ፤ በ2021 ተከፈተ። ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ ቢሆን እኮ ነጋዴ ወጪው ላይ ደምሮት ያልፋል። መልሰህ ሥራ ሲባል ነው ቀጣዩ ሰውዬ ሁለቴ የሚያስበው።

ግንበኛው፦ ካርልተን ቀጥ ያለ ቤት ነው፣ እቱ።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ስለ ግድግዳው ብቻ ትጨቃጨቃላችሁ። ወጥ ቤቱስ? ያ ፐብ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው ያለው። የዛሬ እንግዳ በመኪና ነው የሚመጣው፤ የሚነዳ ሰው ደግሞ ብዙ አይጠጣም። የሚያመጣው ምግቡ ነው፤ እሁድ የበሬ ጥብሱ ከነስጎው፣ ዮርክሻየር ፑዲንጉ። ካውንስል ግድግዳ ያዛል እንጂ ጎበዝ ወጥ ሠሪ አያዝም። ከምብሪያ ውስጥ የሄስኬት ኒውማርኬት ሰዎች በ2003 «ኦልድ ክራውን» የተባለውን ፐባቸውን አክሲዮን አዋጥተው ገዙት። የራሳቸው ስለሆነ ራሳቸው ሄደው ይበሉበታል። እኔ እንደዚያ ያለውን ነው የምፈልገው።

የለንደኗ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። የ2011ዱ የእንግሊዝ ሕግም መንደርተኛው ፐቡን እንዲያስመዘግብና ሊሸጥ ሲል ገንዘብ እንዲያሰባስብ እስከ 6 ወር ጊዜ ይሰጠዋል። ግን ባለቤቱ ለእነሱ እንዲሸጥ አያስገድድም። በዚያ ላይ ፈርሶ ካለቀ ምኑን ይገዛሉ?

ታክሲው፦ በቃ ይሠራ። ዘመሙን ግንበኛው ይለካል፣ ብዩን እኔ አመጣለሁ።

ግንበኛው፦ ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ ልክ ይዤ ኖሬ፣ አሁን አጣመመ ልባል?