በሠራተኛ ትኬት ስታንድባይ ሲኬድ ምን ይለበሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴና የ14 ዓመት ልጃችን በእኔ የሠራተኛ ትኬት ስታንድባይ፣ ማለትም ባዶ ወንበር ከተረፈ ብቻ፣ ሊበሩ ነው። መጀመሪያ በራሳችን አየር መንገድ፣ ቀጥሎ በዜድ ትኬት (አየር መንገዶች አንዱ ለሌላው ሠራተኞች በቅናሽ በሚሰጡት) በሌላ ድርጅት። የአለባበስ ደንቡ እነሱንም ይመለከታል ወይ? ልጅቷ ታይትና ነጠላ ጫማ ካላደረግኩ ብላለች።

መልስ 1፦ እህቴ፣ ይመለከታቸዋል። በሠራተኛ ትኬት የሚሄድ ሁሉ የሚታየው እንደ ድርጅቱ ሰው ነው። እነሱ ቢያጠፉ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፤ የጉዞ መብትሽ እስከ መታገድ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ከዴንቨር ወደ ሚኒያፖሊስ በሚበር የዩናይትድ አውሮፕላን ሁለት ታዳጊዎች ታይት በመልበሳቸው እንዳይሳፈሩ ተደርገዋል። ከፍሎ ለሚሄድ መንገደኛ ታይት ክልክል አልነበረም፤ እነሱን የያዛቸው የሠራተኛ ትኬቱ ነው። ነጠላ ጫማውንም ተዪው፤ አደጋ ቢያጋጥምና ሮጦ መውጣት ቢያስፈልግ ከእግር ይወልቃል። ሽፍን ጫማ ይሻላል።

መልስ 2፦ ለሁለተኛው በረራ የእናንተ ደንብ አይሠራም፤ የሚሠራው አውሮፕላኑን የሚያበረው ድርጅት ደንብ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው የበረራ ቁጥር የሌላ ድርጅት ሊሆን ስለሚችል ማን እንደሚያበር አረጋግጪ። ደንቡን ማይአይዲትራቭል (የሠራተኛ ጉዞ የሚመዘገብበት ድረ ገጽ) ላይ ስትመዘግቢያቸው አንብቢው። ከሁለቱ ጠበቅ ባለው ልበሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅያሪውን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በመክተት ነው። ስም የሚጠራው በሩ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ሻንጣው በእጅ የለም። አንድ ሱሪ፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ጫማ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። የተገኘው ወንበር ቢዝነስ ክላስ ከሆነና ልብሱ ለዚያ ካልመጠነ፣ ወንበሩ በተራ ለሚቀጥለው ሊሰጥ ይችላል።

መልስ 3፦ በዚህ ላይ ግን ሙሉ ልብስና ክራባት ግድ አይደለም፤ ያ በብዙ ቦታ ቀርቷል። ለኢኮኖሚ ያልተቀደደ ጥቁር ጂንስና ንጹሕ ስኒከር ብዙ ድርጅቶች ይቀበላሉ። ቁምጣ፣ ቱታ፣ ካኒቴራና ስድብ የተጻፈበት ቲሸርት ይቅሩ። አንቺም አብረሻቸው ከሄድሽ ዩኒፎርምሽን አውልቂ፤ በዩኒፎርም መጠጥ መቅመስ ከሥራ ሰዓት ውጭም ቢሆን ያስቀጣል። ባጅሽንም ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። ጌት ላይ «ይህ ልብስ አይሆንም» ከተባሉ አይከራከሩ፤ «ምን ልቀይር?» ብለው ይጠይቁ፣ ቀይረው ይመለሱ። ካልደረሱ፣ ስማቸው ወደሚቀጥለው በረራ እንዲዛወር እዚያው ይጠይቁ፤ በራሱ የማይዛወርበት ድርጅት አለ።