ባለ ጥላዋ አሥር ሳንቲም፦ የፋብሪካ ስህተት ናት ወይስ የደከመ ማህተም?

የማራኪው ልጅ፦
ሰላም ወገን። ቅዳሜ ገበያ አንድ ሰውዬ የ1969 አሥር ሳንቲም አሳየኝ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ ጥላ አለው። «የፋብሪካ ስህተት ናት፣ 1,500 ብር» አለኝ። 200 ብር ቀብድ ሰጥቼ ይዣት መጣሁ። ልክፈል ወይስ ልመልስ?

ጠገራ ወዳድ፦
እንኳን ቀብድ ብቻ ሰጠህ! አባቴ እዚሁ አራዳ ወርቅ ሠሪ ነበር። በአጉሊ መነጽሩ ስንቷን ሳንቲም አይቻለሁ።

ባዶውን ክብ ብረት የሚመታው ማህተም ብዙ ሺህ ጊዜ ይሠራል። በተመታ ቁጥር የሳንቲሙ ብረት ወደ ዳር ይሸሻል፤ ሲሸሽ ማህተሙን ይፍቀዋል። ሲደክም ፊደሉ ወደ ጠርዝ ያብጥና ይደበዝዛል። በፊደሎቹ ዙሪያ ያለው ባዶ ሜዳም የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ይሄ እርጅና ነው፤ ዋጋ አይጨምርም።

እውነተኛው ድርብ ፊደል፣ ያ የፋብሪካ ስህተት የሚባለው፣ ከማህተሙ ይጀምራል። ሲቀረጽ ቅርጹ ሁለቴ ተደርቦበታል። ስለዚህ ሁለቱም ፊደል ሙሉ ቁመት አለው፤ ጫፉ ላይ ጥርት ያለ ክፋይ ታያለህ። ጥላው እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ማህተሙ ሲመታ ተነቃንቆ ነው። እሱ በየኪሱ ሞልቷል።

የአንበሳው ጢም ተለየ ብሎም እንዳይሸውድህ። 1969ኙ ከአንድ በላይ በሆነ የሳንቲም ፋብሪካ ነው የተመታው፤ ጢሙም ይለያያል።

የአዘዞዋ፦
የአያቴ የ1936 ሃያ አምስት ሳንቲምስ? ዙሪያዋ እንደ አበባ ነው።

ጠገራ ወዳድ፦
እሷ ጤነኛ ናት እህቴ። መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበረች። ሰው ብር እየቀባ የሃምሳዋ የብር ሳንቲም ናት እያለ ሲያስተላልፋት ዙሪያዋን ቀየሩት። ብልጣብልጥ ድሮም ነበር!

የማራኪው ልጅ፦
በሰያፍ መብራት አየኋት። ፊደሎቹ በሙሉ ወደ ጠርዝ አብጠዋል። አለቀላት። ግን ከአንበሳው ጋማ እስከ ጠርዝ ቀጭን መስመር አለ። ጭረት ነው?

ጠገራ ወዳድ፦
ጥፍርህን አስኪድበት። ጎድጎድ ካለ ጭረት ነው። ከፍ ካለ ማህተሙ ተሰንጥቆ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል።

የማራኪው ልጅ፦
ከፍ ይላል!

ጠገራ ወዳድ፦
በል እንግዲህ፣ ስንጥቁ ከፋብሪካ የመጣ ነውና ያዛት። 1,500 ግን ወይ ፍንክች! በቀብዱ ይለቅልህ እንደሆነ ጠይቀው፤ እምቢ ካለ መልስለት።