ክርክር፦ ስሚዝ የማን ስም ነው?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት ርዕሳችን አንድ ስም ነው፤ ስሚዝ። በእንግሊዝ አንደኛ፣ በአሜሪካም አንደኛ የቤተሰብ ስም ነው። የ2010 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ስሚዞችን ቆጥሯል። ከመቶ 71 ያህሉ ነጮች፣ 23 ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። (እንዳንደናገር ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ።)

ነገሩ የተነሳው ስለ መሐመድ አሊ ስናወራ ነው። አሊ በ1964 ካሲየስ ክሌይ የሚለውን ስም የባርነት ስም ነው፣ እኔ አልመረጥኩትም ብሎ ጣለው። አንድ አባላችን «ታዲያ ጥቁር ስሚዞችስ ምን ይጠብቃሉ?» አለ። ሌላዋ «ስሚዝ የብረት ቀጥቃጭ ስም እንጂ የባሪያ ጌታ ስም አይደለም» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማችሁ።

ስለዚህ በሥርዓት እንከራከር። በባርነት በኩል የመጣ የእንግሊዝ የሙያ ስም ይጣል ወይስ ይያዝ? ሰው አይሰደብም። ያላረጋገጣችሁትን አትጻፉ።

የሜሪላንዱ፦
እኔ ልጀምር። ይጣል ባይ ነኝ። የምኖርበት ግዛት ባርነት እስከ 1864 ድረስ በሕግ የተፈቀደበት ነው። የ1850ን እና የ1860ን የቆጠራ ቅጾች ያየ ሰው ይህን ክርክር ቀለል አድርጎ አያወራውም። ከላይ የባለቤቱ ስም ሙሉ ሆኖ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ መስመር በመስመር ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። ስም የለም። «35፣ ወንድ፣ ጥቁር» ይላል፤ በቃ። አባትም ልጅም በዚያ መስመር ውስጥ ናቸው፣ ግን ማን የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። እና ያ ቤተሰብ ነጻ ሲወጣ ስሚዝ ከተባለ፣ ስሙ ከየት መጣ? ከላይኛው መስመር ነዋ! የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማልኮም ኤክስ «ኤክስ»ን የያዘው የጠፋውን የአፍሪካ ስሙን ቦታ ባዶ ላለመተው ነው። እኔ ይሄ ይገባኛል።

የለንደኗ፦
ወንድሜ፣ ስለ ቅጾቹ ያልከው ልክ ነው፣ ያማል። ግን ስሙን ከመሃል ጀመርከው። እስቲ ከሥሩ እንየው።

እንግሊዞችም ድሮ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ መጀመሪያ ባለርስቶቹ ያዙት። ርስቱን ለማውረስ ስሙ ያስፈልግ ነበር። ተራው ሰው ጋ የደረሰው ቀስ ብሎ ነው። እስከ 1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ሕዝብ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ስም ይዟል። ትልቁ ምክንያት ደግሞ ግብርና ፍርድ ቤት ነው። መንደሩ በዊልያምና በጆን የተሞላ ነው። ጸሐፊው የትኛው ዊልያም እንደከፈለ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የወንዙ ዳር ዊልያም፣ ቀዩ ዊልያም፣ ቀጥቃጩ ዊልያም እያለ ይጽፋል። ያውም በላቲን ሲጽፍ «ፋቤር»፣ በፈረንሳይኛ ሲጽፍ «ለ ፌቭር»፣ በእንግሊዝኛ «ስሚዝ»። ሰውየው አንድ፣ መዝገቡ ሦስት።

በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። ያ ግብር በ1381 ገበሬውን አስነሳ። የአመጹ መሪ ዋት ታይለር ይባላል። እሱም የሙያ ስም ነው፤ የጣሪያ ሸክላ የሚሠራ ማለት ነው። ያኔ ገና ስምና ሥራ እንደተያያዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ስሚዝ የሚባለው እንጀራው ከዳቦ ጋጋሪነት ይሁን ከልብስ ስፌት፣ ስሙ አልተቀየረም።

እና እኔ የምለው፣ ይህ ስም ሲወለድ የባለጸጋ ስም አልነበረም። እጁ የጠቆረ ሰው ስም ነበር።

መምህሩ (ከጎንደር)፦
ጥሩ ነገር አነሳሽ ልጄ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። በዚያ ዘመን ከመቶው እጅግ የሚበዛው አራሽ ነበር። ታዲያ ለምን የአራሽ ስም አንደኛ አልሆነም? ለምን ቀጥቃጩ?

ሌላም አለ። በእኛ አገር ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ ሲባል የኖረ ሰው ሙያውን ስም አድርጎ ለልጁ አያወርስም። ይደብቃል እንጂ። ዐጼ ምኒልክ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ደርሶ ነበር። እንግሊዞች እንዴት አላፈሩበትም?

የለንደኗ፦
መምህር፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ራሱ ውስጡ አለ። ሁሉም አራሽ ከሆነ «አራሹ ጆን» ማለት ማንንም አይለይም። ቀጥቃጭ ግን ለአንድ መንደር አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። «ቀጥቃጩ ጆን» ካልከው ማንም አይስተውም። በየመንደሩ አንድ ስለነበረ፣ በየመንደሩ አንድ የስሚዝ ዘር ተጀመረ። ከአንድ ምንጭ የፈለቀ ስም አይደለም። በሺህ ቦታ ለየብቻው የተወለደ ነው። ለዚህ ነው የበዛው።

ሁለተኛው ደግሞ፣ ቀጥቃጩ ከሌለ ማረሻ የለም። የፈረሱ ጫማ፣ የበሩ ማጠፊያ፣ ምስማሩ፣ ማጭዱ፣ ሰይፉ፣ ሁሉም ከእሱ ወናፍና መዶሻ ነው የሚወጣው። በመንደሩ ሰው ዘንድ የሚፈለግና የሚከበር ባለእጅ ነበር። ሙያው እዚህ አላስናቀም።

የዱባዩ፦
አረቦቹ ጋ ሐዳድ፣ ጣሊያን ጋ ፌራሪ፣ ሃንጋሪ ጋ ኮቫች፣ ጀርመን ጋ ሽሚት። ሁሉም ያው ቀጥቃጭ ነው። አሜሪካ የሄዱት ሽሚቶች ብዙዎቹ ስሚዝ ሆነዋል። ኒው ዮርክ መግቢያ ላይ ስደተኞች ይመዘገቡበት በነበረው ኤሊስ ደሴት ሹሙ ስማቸውን አሳስቶ እየጻፈ ነው አሉ። ስለዚህ በጥቁሮቹ ብቻ የደረሰ አይደለም።

የሕግ ተማሪዋ፦
የኤሊስ ደሴቱ ታሪክ ተደጋግሞ ስለተወራ እውነት መሰለ እንጂ አይደለም። እዚያ የነበሩት ሹሞች የሚሠሩት መርከቡ ከተነሳበት ወደብ ተጽፎ በመጣ ዝርዝር ነው። ስም መቀየር ሥራቸው አልነበረም። ሽሚት ስሚዝ የሆነው ባብዛኛው ከገባ በኋላ፣ ራሱ ባለቤቱ ወይ ጎረቤቱ ወይ አሠሪው እየለመደው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የጀርመን ስም መያዝ ስለሚያስጠረጥር ብዙዎች ቀየሩ።

በሕግ የተገደደ ካላችሁ ግን እውነተኛው ምሳሌ አየርላንድ ነው። በ1465፣ በንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ዘመን፣ በደብሊን፣ በሚዝ፣ በላውዝና በኪልዴር በእንግሊዞች መሃል የሚኖር አይሪሽ ሁሉ የእንግሊዝ ስም እንዲይዝ ታዘዘ። ሕጉ ምሳሌ እስከመስጠት ደርሷል፦ ወይ የከተማ ስም፣ ወይ የቀለም፣ ወይ የሙያ፣ እንደ ስሚዝና ካርፔንተር (አናጢ)፣ ወይ የሥራ ድርሻ፣ እንደ ኩክ (ወጥ ሠሪ) እና በትለር (የመጠጥ አዛዥ)። እምቢ ያለ ንብረቱን ያጣል።

እዩት እንግዲህ። ስሚዝ የሚለው ቃል በሕግ ሰነድ ውስጥ የማንነት ማጥፊያ ሆኖ ተጠቅሷል፣ አሜሪካ ገና በካርታቸው ላይ ሳትኖር። ኋላም አየርላንድ ውስጥ በካቫን አካባቢ ማክ ጋወን የሚባሉ ቤተሰቦች ስሚዝ ሆኑ። ጋወን በአይሪሽ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ የሙያው ትርጉም እንዳለ ቆየ፣ ቋንቋው ሄደ።

የሜሪላንዱ፦
እህቴ፣ አመሰግናለሁ፣ ለእኔ ነው የመሰከርሽልኝ። የለንደኗ እጁ የጠቆረ ሰው ስም ነው አለች። በ1300 ይሁን። በ1465 ግን የገዢ ማኅተም ሆኗል። በ1800 ቨርጂኒያ ውስጥ ምን እንደሆነ አስቡት። ስም የሚመዘነው በተወለደበት ቀን ሳይሆን በተጫነበት ቀን ነው።

ተመራማሪው (ኡፕሳላ)፦
ከሳይንሱ በኩል አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሁለታችሁም ይጠቅማል። ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው የዘር መረጃ ተሸካሚ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነው የሚሄደው፣ ልክ እንደ እንግሊዝ የቤተሰብ ስም። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባሳተሙት ጥናት አርባ የብሪታኒያ ስሞችን ወስደው ወንዶቹን መረመሩ። አተንቦሮ በመሰለ ብርቅ ስም ውስጥ አብዛኞቹ ወንዶች አንድ የጋራ አባት አላቸው። ስሚዝ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለት ስሚዞች ከመንገድ ከተያዙ ሁለት ሰዎች የበለጠ ዝምድና የላቸውም። የለንደኗ በየመንደሩ ለየብቻው ተወለደ ያለችውን ደሙም ይመሰክራል።

ስለዚህ ነጭም ሆነ ጥቁር ስሚዝ «የስሚዝ ዘር ነኝ» ሊል አይችልም። እንደዚያ የሚባል ዘር የለም።

ስርጭቱም የራሱ ነገር አለው። በብሪታኒያ ካርታ ላይ ስሚዝ በምሥራቅና በመካከለኛው እንግሊዝ፣ እንዲሁም በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ይበዛል። ዌልስ ሲደርስ ይሳሳል። ዌልሾች ልክ እንደኛ በአባት ስም ነበር የሚጠሩት፤ እከሌ አፕ እከሌ፣ የእከሌ ልጅ። ቋሚ የቤተሰብ ስም የያዙት ዘግይተው፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በእንግሊዝ ሕግ ሥር ሆነው ነው። ጆንስና ዊልያምስ እዚያ የበዙትም ከአባት ስም ስለቀሩ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦
አንድ ሰው ላስታውሳችሁ፤ ቶሚ ስሚዝ። ሜክሲኮ፣ 1968። 200 ሜትሩን በ19.83 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። መድረክ ላይ ጥቁር ጓንት አጥልቆ ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ። ከአራት ቀን በኋላ የኛ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ነው። ቶሚ ስሙን አልቀየረም። ዛሬ ስሚዝ ሲባል እኔ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ክንድ ነው፣ የባለ እርሻው አይደለም። ስምን የሚሠራው ሰው ነው።

የሜሪላንዱ፦
ለቶሚ ስሚዝ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ጀግናው ስሙን አከበረው ማለት፣ ስሙ ሲሰጥ ግፍ አልነበረም ማለት አይደለም።

የአትላንታዋ፦
እስካሁን ዝም ያልኩት ሁላችሁም አንድ ነገር እንደተረጋገጠ ስለወሰዳችሁ ነው። ጥቁሮቹ ስሙን ከመጨረሻ ጌታቸው ወሰዱ የሚለውን። ይሄ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እኔ እዚህ የቤተሰባቸውን ታሪክ የሚፈልጉ ሰዎችን በቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ፣ መዝገቦቹን በዓይኔ አያለሁ።

በባርነት ውስጥ እያሉ ብዙዎቹ እርስ በርስ የሚጠሩበት የቤተሰብ ስም ነበራቸው። ጌታው አያውቀውም ወይ አይቀበለውም። አንዳንዴ ስሙ ከሦስት ጌታ በፊት አያታቸው ከነበሩበት ቦታ የመጣ ነው። የተሸጠ አባትን ፈልጎ ለማግኘት የቀረው ምልክት እሱ ብቻ ነበር። ነጻነት ሲመጣ ያንን ስም ጮክ ብለው ተናገሩት። ሌሎቹ ደግሞ አዲስ መረጡ። ከባርነት ወጥቶ ኋላ ስመ ጥር አስተማሪ የሆነው ቡከር ዋሽንግተን ልጅ ሳለ መምህሩ ስሙን ሲጠይቀው ዋሽንግተን ያለው እዚያው ክፍል ውስጥ ራሱ መርጦ ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ የፍሪድማንስ ባንክን መዝገብ ይይ። ከ1865 እስከ 1874 ለነጻ የወጡት የተቋቋመ ባንክ ነው። ሲከስር የስንቱን ላብ ይዞ ጠፋ፣ መዝገቡ ግን ተረፈ። በአንዱ ገጽ ላይ የደንበኛው ስም፣ የተወለደበት ቦታ፣ የአባትና የእናቱ ስም፣ የወንድም የእህቶቹ ስም ተሞልቷል። በቀደሙት ቅጾች ላይ የጌታውና የእርሻው ስም ጭምር። የደንበኛው ስምና የጌታው ስም የማይገጥሙባቸው ብዙ ገጾች አሉ። የሜሪላንዱ ወንድሜ፣ ከላይኛው መስመር መጣ ያልከውን እነዚያ ገጾች አይደግፉልህም።

የሜሪላንዱ፦
ጥሩ፣ እውነት ነው እንበል፤ ግማሹ መርጦታል። ያም ቢሆን ከምን መሃል መረጠ? ሁሉም የእንግሊዝ ስም ከሆነበት መደርደሪያ ላይ። የቀድሞው የምዕራብ አፍሪካ፣ የአካን ወይ የዮሩባ ሕዝብ ስም እዚያ መደርደሪያ ላይ የለም። አቋሜን አልቀየርኩም። ቢያንስ መጣል ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ቀላል ይሁን፣ ፍርድ ቤትና ክፍያ አይቆጠርበት።

የሕግ ተማሪዋ፦
በዚህ እስማማለሁ። ክፍያውን የግዛት ሸንጎዎች ሊያነሱት ይችላሉ፣ ይገባልም።

የለንደኗ፦
እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። እዚህ ለንደን ልጆቻችንን ስናስመዘግብ ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የአባት ስም እንሰጣለን። ልጁ ሲያድግና ልጅ ሲወልድ ያው ስም ይቀጥላል። አያቱ ሳያስቡት የዘር ስም ሆኑ ማለት ነው። በ1379 በእንግሊዟ ዮርክሽር በግብር መዝገቡ ላይ የሆነው ዛሬ በእኛ ቤት እየሆነ ነው፣ ማንም አስገድዶን ሳይሆን ቅጹ ቦታ ስላለው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ የልጅ ልጃችን ያንን ስም ጣለው ቢሉት ምን ይሰማው ይሆን? ለዚህ ነው የሌላውን ስም ጣል ለማለት አፌን የሚይዘኝ።

መምህሩ፦
እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ባለቤቱ ይወስን። ግን ባለቤቱ እንዲወስን መጀመሪያ ማወቅ አለበት። የአትላንታዋ ልጄ፣ እንዴት ነው የሚታወቀው?

የአትላንታዋ፦
በደስታ መምህር። ከ1870 ቆጠራ ይጀመራል። አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን በስማቸው የተጻፉበት የመጀመሪያው የአገር ቆጠራ እሱ ነው። ቤተሰቡን እዚያ ካገኙ፣ በዚያው ወረዳ የሚኖሩትን ነጭ ባለርስቶች ስም ያያሉ። ከዚያ ወደ ባንኩ መዝገብ፣ ቀጥሎ ወደ ፍሪድማንስ ቢሮ ሰነዶች ይሄዳሉ። ነጻ የወጡትን እንዲያግዝ በ1865 የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ነው። የሥራ ውሉ፣ የጋብቻው፣ የራሽኑ ዝርዝር እዚያ አለ። በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት በስም እንዲፈለግ ሆኖ በ2016 ተጠናቋል፣ ያለ ክፍያ ይታያል። በወረዳው አንድም ባለርስት ስሚዝ ከሌለ፣ ስሙን ይዘውት የመጡት ከሌላ ቦታ ነው፣ ወይ ራሳቸው መርጠውታል። ስሚዝ ባለርስት ካለ ደግሞ ኑዛዜውንና የሽያጭ ሰነዱን ከወረዳው ፍርድ ቤት ማውጣት ነው። የትኛውን ወረዳ እንደምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ መዝገቦቹ ጋ ነኝ።